የወንድም ጋሼ መቶ ሃምሳ

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ከወንድሜ ሚስትና ከልጇ ጋር ከኮለምበስ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተን ኤሪ ሐይቅ ዳር የተከራየናት የእንጨት ቤት ስንደርስ፣ ከመኪናው ወርጄ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ጣቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ መቅመስ ነበር። ሐይቅ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ማዶው የማይታይ ውሃ ከፊቴ ተንጣሎ፣ ማዕበሉ አሸዋውን እየላሰ ሲመለስና የዓሣ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ምላሴ ሳታማክረኝ ጨው ጠበቀች። ጨው የለውም። የወንድሜ ልጅ ሜሮን፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ጀርም ቀመስሽ ብላ በእንግሊዝኛ ተቆጣችኝና ልብሷን ቀይራ እስከ ወገቧ ገባች። ከዚያ ዞር ብላ የአባቷን ሪከርድ ልትሰብር መሆኑን ነገረችኝ።

«አክስቴ፣ ካውንት አድርጊልኝ።»

ትንሽ ቆዪ አልኳትና አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

እኔና ወንድም ጋሼ ያደግነው አሰብ ነው። አባታችን የወደቡን ክሬኖች የሚጠግን መካኒክ ነበር፤ ሙቀቱ ትንሽ ረገብ በሚልበት በገና ሰሞን የአንድ ሳምንት ፈቃድ ይወስድና እኛን፣ እናታችንን፣ ሁለት ጀሪካን ውሃና አንድ ከረጢት ሽንኩርት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ላይ ጭኖ ከከተማው ወደ ሰሜን፣ ጋሽ መሐመድ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ወዳጁ ወደሚኖሩባት መንደር ይወስደናል። መንደር ማለት አሥር የማይሞሉ የሰሌን ቤቶች፣ ጥቂት ፍየሎችና የቀረው ሁሉ ባሕር ነው። ሌሊት ውጭ በገመድ አልጋ ላይ እንተኛለን። ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ እርጥቡ አሸዋ ላይ ዛጎል እንለቅማለን፤ እናታችን ዛጎሎቹን ከተማ እንደማታስገባቸው በየዓመቱ ትምላለች፣ በየዓመቱም ከሽንኩርቱ ከረጢት ውስጥ ይገኙባታል። ጋሽ መሐመድ በጀልባቸው ራቅ አድርገው ይወስዱንና መንጠቆ እንዴት እንደሚጣል ያሳዩናል፤ እኔ ያጠመድኩት ግን የአባቴን ባርኔጣ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእኔና የወንድም ጋሼ ጨዋታ ይጀመራል።

ጨዋታው ቀላል ነው። እሱ ጠልቆ ትንፋሹን ይይዛል፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ እቆጥራለሁ። በአራት ዓመት ስለሚበልጠኝ ጠላቂው ሁልጊዜ እሱ፣ ቆጣሪዋ ሁልጊዜ እኔ ነበርን፤ ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው ብጠይቅ ኩርኩም ነው መልሱ። ደንቡ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ እሱ ብቅ እስኪል ድረስ ዓይኔን ከውሃው ላይ መንቀል፣ ቁጥሩንም ማቆም አልችልም። ሰባ ደርሶ ያውቃል፣ አንዴም ሰማንያ ሦስት።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ዛሬ ጉድ ታያለሽ ብሎኝ ጠለቀ። አርባ ሁለት ላይ ስደርስ፣ ጭንቅላቷን የምታክል ባዶ ዛጎል ለመልበስ የምትታገል አንዲት ሚጢጢ ሸርጣን ከእግሬ ሥር አየሁ። አሮጌውን ቤቷን ጥላ ወጥታለች፣ አዲሱ አልገባት ብሏል፣ ራቁቷን ናት። አዘንኩላት። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ልረዳት ስሞክር፣ እሷም ስትቆነጥጠኝ፣ ጊዜው ይሂድ አይሂድ አላውቅም። ከኋላዬ ውሃው ተናወጠና ወንድም ጋሼ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እየተንገዳገደ ብቅ አለ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መናገር እንደቻለ «ስንት?» አለኝ።

አላየሁህም ማለት አቃተኝ። «መቶ ሃምሳ» አልኩት።

እየጮኸ ወደ አባቴ ሮጠ። አባቴ ለጋሽ መሐመድ ነገረ፣ ጋሽ መሐመድም ባሕር ውስጥ የተወለደ ልጅ እንኳ ይህን አያደርግም ብለው እጁን ጨበጡት። በሚቀጥለው ገና አልሄድንም፣ ከዚያ በኋላም አልሄድንም፤ ጦርነቱ ቀረበ፣ እኛም በአንድ ሻንጣ ከአሰብ ወጣን። መቶ ሃምሳው ግን አብሮን ወጣ። ወንድም ጋሼ ኮለምበስ መጥቶ መጋዘን ሥራ ሲጀምር ለሥራ ጓደኞቹ አወራው፤ በየሰርጉ፣ በየልደቱ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ምሳ በበላን ቁጥር አስተናጋጇን ሳይቀር ያዳርሳታል። «ምስክሬ ይቺውት» ሲል እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ለሠላሳ ምናምን ዓመት ነቀነቅኩ።

በኮሮናው የመጀመሪያ ዓመት እሱ ታመመ። ፎረስት ፓርክ ካለው ቤቱ በአምቡላንስ ሲወስዱት ማናችንም አብረን እንድንሄድ አልተፈቀደልንም። በማሽን ሊያስተነፍሱት ሲሉ ደወለልኝ፤ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ አየር ይፈልጋል። አሁን ልንገረው ብዬ ነበር፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን…» ስል አቋረጠኝ።

«አይዞሽ። መቶ ሃምሳ የቆየሁ ሰው እኮ ነኝ። አንቺ ብቻ መቁጠርሽን እንዳታቆሚ።»

ተውኩት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሲገባ ከእጁ አይነጠቅም። ከዚያ ቀን ቆጠርኩ። በየማለዳው በቤተ ክርስቲያናችን የስልክ ጸሎት ላይ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ የምናገረው እኔ ነበርኩ፤ እስከ አሥራ አንድ ደረስኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን ጸሎቱ ሳይጀመር ሥራ ገባሁ። የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው፣ ስልክ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። አንዲት አሮጊት ውሃው በረደኝ ስትለኝ፣ ሳሞቅላት፣ ፀጉሯን ሳጥብላት ቆየሁ። ስወጣ ሚስቱ አራት ጊዜ ደውላለች። ሐኪሞቹ ልትሰናበቱት የምትፈልጉ በቪዲዮ ግቡ ብለው ነበር፤ ሁሉም ገብተዋል፣ ከእኔ በስተቀር። ሁለተኛም ጊዜ ሳላየው ሄደ።

ዛሬ አባቴም እናቴም የሉም፣ ጋሽ መሐመድ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም፣ ባሕሩም የሌላ አገር ነው። ያቺን መንደር በዓይኑ ያየ፣ የፍየሎቹን ሽታ የሚያውቅ፣ «አንቺ ቆጣሪ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከምድር ላይ አልቋል። የቀረኝ አንድ ቁጥር ነው፣ እሱም ውሸት።

ሜሮን መጠበቅ ሰልችቷት ከውሃው ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሸርጣኗን፣ አርባ ሁለቱን፣ ሎከሩን። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አሸዋ በእጇ እያፈሰች በእንግሊዝኛ፣ ታዲያ ስንት እንደቆየ ማንም አያውቅም ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

«ማንም አያውቅም» አልኳት።

ሁለት መቶም ሊሆን ይችላል አለች። ሊሆን ይችላል፣ ስልሳም ሊሆን ይችላል አልኳት። አፍንጫዋን ጠረገች፣ ተነሥታም ወደ ውሃው ተመለሰች፤ ከመጥለቋ በፊት ዞር ብላ በአማርኛ፣ በአባቷ ድምፅ ልበለው፣ «እኔን እያየሽ ቁጠሪ» አለችኝ።

ጠለቀች። የጨው ውሃ ያለው እዚያ ሳይሆን እኔ ዓይን ውስጥ ነበር፣ ያቃጥላል፤ ቢሆንም አልጨፈንኩም። ከኋላዬ እናቷ ምሳ ደርሷል ብላ ስትጣራ ዞር አላልኩም። ሠላሳ አራት ላይ እያሳላት ብቅ አለች።

«ስንት?»

«ሠላሳ አራት» አልኳት። አንድም አልጨመርኩም።