ከባሕር እስከ ባሕር በስድስት እሑድ

ሄቲ ፊረን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መኪና ስታስቆም ነው የኖረችው። እንጀራዋ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ሳንድሪግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሐዲዱ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ነጩን በር እየገፋች ትዘጋለች፤ ባቡሩ እስኪያልፍ ሀብታም ሁን ወተት አመላላሽ ትቆማለህ። «አንቺ ሴትዮ፣ ባቡሩ እኮ ገና ነው! ክፈቺልና!» እያለ ጥሩምባውን የሚያንባርቀውን ሁሉ ዝም ብላ ታየዋለች። መክፈት ግን፣ ወይ ፍንክች! ጡረታ ስትወጣ በሩ በራሱ የሚዘጋ ሆነ፤ እሷ ከሐዲዱ ዳር ካለችው ቤቷ አልወጣችም።

ጭቅጭቁም የመጣው በዚችው ቤት ነው። በብርዱ ወራት ደረጃ ላይ ወድቃ ክንዷን ሰበረች። ልጇ ኬስተር ከሊድስ በመኪና እየበረረ መጣና ጄሶው እንኳ ሳይፈታ ጀመራት።

«እማዬ፣ ይበቃል። ቤቱን ሽጪና እኛ ጋ ግቢ። ክፍልሽን አዘጋጅተናል።»

«መስኮቱ ወደየት ነው የሚያየው?»

«ወደ መኪና ማቆሚያው።»

«ባቡር አይታይበትማ።»

«እማዬ፣ ሰባ አንድ ዓመትሽ ነው!»

«ዕድሜዬን ጠየቅሁህ?»

እንዲህ ሲባባሉ ሰነበቱ። ጄሶው የተፈታ ቀን ግን ሄቲ አንድ ነገር አመጣች። «ከምሥራቁ ባሕር እስከ ምዕራቡ ባሕር፣ በየእሑዱ እየቆራረጥኩ፣ በብስክሌት እሄዳለሁ። በአስፋልት አይደለም፤ በኮረኮንቹ። ከባቡር በቀር ማንም አያግዘኝም። አንዲት ጊዜ መኪና ከረዳኝ ቤቱን ሽጠው። ከጨረስኩ ግን ስለ ቤቴ ዳግመኛ ትንፍሽ እንዳትል!» ኬስተር ሳቀና እጇን ጨበጠ። ሁለተኛው እሑድ ላይ «ናና ውሰደኝ» ብላ እንደምትደውል እርግጠኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ሳህን የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። ካርታ፣ የባቡር ሰዓት ዝርዝር፣ እርሳስ፣ ደግሞ ካርታ። ሐሳቧ እንዲህ ነው፦ መንገዱን ለስድስት ትቆርጠዋለች፤ በየእሑዱ ጧት የሰፈሩ ባቡር ያለፈው እሑድ ያቆመችበት ጣቢያ ያደርሳታል፤ ቀኑን ስትነዳ ውላ ከሌላ ትንሽ ጣቢያ ተሳፍራ አልጋዋ ላይ ታድራለች። ባቡሮቹ ባለ ሁለት ፉርጎ ናቸው፤ አንዳንዱ ጣቢያ ላይ እጅ ካልዘረጉላቸው አይቆሙም፤ ብስክሌትም ከሁለት በላይ አይጭኑም። ሄቲ የእያንዳንዱን ባቡር ደቂቃ ጻፈች። ያ ቢያመልጥ የሚከተለውን፣ እሱም ቢያመልጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጻፈች። ሠርታበታለቻ!

የብስክሌት ማኅበሩ ጸሐፊ ኖርማን ብሬይትዌይት ይህን ሰምቶ ሊያይ መጣ። ካርታው ላይ አጎንብሶ ቆየና ሳቁ አመለጠው።

«ሄቲ፣ ገልብጠሽ ነው እንዴ የያዝሽው? ሰው ሁሉ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። አንቺ ነፋሱን በጥርስሽ ልትበዪው ነው?»

«አንተ ስትጨርስ ማን ነው ቤትህ የሚመልስህ?»

«ባለቤቴ ናታ። በመኪና።»

«አየህ! እኔ ጉልበት ሳለኝ ከሩቁ እጀምራለሁ። እየደከመኝ ስሄድ ቤቴ እየቀረበኝ ይመጣል። መጨረሻው ደጄ ነው።»

ያን ቀን ማታ ኖርማን መጠጥ ቤት ገብቶ ሐሳቡን የራሱ አስመስሎ ሲያወራው ተሰምቷል።

በመጀመሪያው እሑድ በምሥራቁ ባሕር የኋላ ጎማዋን ነከረች። ደንቡ ነው፤ ሲነሱ የኋላው፣ ሲደርሱ የፊተኛው። ሁለቱም ካልረጠቡ ተሻገርኩ የሚል አፍ የለም። ብረቱ በተነቀለ የዱሮ የማዕድን ሐዲድ ላይ፣ በጥድ ደን ውስጥ፣ ነፋሱ እንባዋን እያስመጣው ነዳች። በሦስተኛው እሑድ ጣቢያ የሚባል የሌለበትን ተራራ ስታቋርጥ ኖርማን አብሯት ነበር። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህሉ ለእግረኛ ብቻ የተፈቀደ መንገድ ነው፤ ሄቲ ወርዳ መግፋት ጀመረች።

«ኧረ ወጥተሽ ንጂ! ማን ያይሻል? በግ?»

«እኔ አለሁ አይደል!»

ጭቃው ቁርጭምጭሚቷን እየዋጠው ሦስቱንም ኪሎ ሜትር ገፋች። ኖርማንም አፍሮ ወረደና ከኋላዋ እያጉረመረመ ገፋ።

በአራተኛው እሑድ የመመለሻው ባቡር ሁለት ብስክሌት ጭኖ መጣ። ትኬት ቆራጩ ወጣት አሳዘነችው መሰለኝ፣ «ግቢ የኔ አበባ፣ ዛሬ አላየሁሽም» አላት። «ሁለት ማለት ሁለት ነው» ብላ ባቡሩን ሸኘችው። በዝናብ ውስጥ የሚቀጥለውን ስትጠብቅ፣ የቺዝ ሳንድዊቿን እየገመጠች ሳለ፣ ኬስተር ደወለ።

«ዝናብ ነው አሉ። ልምጣ?»

«ወዴት? እኔ ባቡር እየጠበቅሁ ነው» አለችና ዘጋችበት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስተኛው እሑድ ደረሰ። ሳንድሪግ ግልብጥ ብሎ ጀልባ ወደሚወርድበት የድንጋይ ቁልቁለት ወጣ። ኖርማንና ማኅበርተኞቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ኬስተርም ከነሚስቱ ቆመዋል። ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሄቲ እስከ ቅንድቧ ጭቃ ለብሳ ብቅ አለች። ጭብጨባው ቀለጠ! ቁልቁለቱን ወርዳ ጫፉ ላይ ፍሬን ያዘች።

ባሕሩ የለም።

ባሕር በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይሞላል፤ የሳንድሪግ ባሕር ግን ሲሸሽ እንደ ሌላው አይሸሽም፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ላም የሚውጥ ማጥ ትቶ ይሄዳል። ጉድ በሉ እንግዲህ! የስድስት እሑድ ባቡር በደቂቃ የጻፈች ሴት፣ ደጇ ያለው ባሕር የራሱ ሰዓት እንዳለው ረሳች። ሰባ አንድ ዓመት አብራው ኖራ!

አንዱ ከኋላ ሳቁን አፈነ። ኖርማን ጠጋ ብሎ፣ «ያቺ ኩሬ ትበቃለች። ጨዋማ ናት» አላት።

«ኩሬ ባሕር ነው እንዴ?»

ይህን ጊዜ ኬስተር የመኪናውን በር ከፈተ። «እማዬ፣ ነይ። ከዚያ አለት ማዶ ውኃው ሁልጊዜ ጥልቅ ነው። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ብስክሌቱን ከኋላ እጭነዋለሁ።» ለተንኮል አልነበረም። እናቱ ስትንቀጠቀጥ ሲያይ አንጀቱን በላችውና ውላቸውን ከነጭራሹ ረሳው። እኛ ጎረቤቶቿ ግን አልረሳንም።

ሄቲ ወደ መኪናው አየች። በሰው ፊት አፍራለች፣ መቀመጫው ደግሞ ለስላሳ ነው። አየችና መልሳ ወጥታ ብስክሌቷን በቁልቁለቱ አናት ላይ አግድም አጋደመችው፤ ልክ እንደዚያ እንደ ነጩ በር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ለመሙላት ስንት ይቀረዋል?»

«አምስት ሰዓት ያህል» አለ ኖርማን እየፈራ።

«እንግዲህ እጠብቃለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሌላ ምን ሠራሁ?»

ይሄድ ይሆናል ያልነው ሰው አልሄደም። ወንበር መጣ፣ በፔርሙስ ሻይ መጣ፣ የተጠበሰ ዓሣ ከነድንቹ በወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። ኬስተር ግን ሰዓቱን እያየ ተንጎራደደ፤ ሲሰለቸው መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። 

«ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ የሐዲዱን በር ከፍተሽልኝ አታውቂም። ፈተና ነበረብኝ እኮ!» አላት።

«አስታውሳለሁ። በሕይወት አለህ አይደል?»

ኬስተር አቀረቀረ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን አላየም።

በእኛ አገር በዚያ ወራት ፀሐይ ከምሽቱ ሁለት ተኩል በኋላ ነው የምትጠልቀው፤ ልትጠልቅ ስትል ውኃው እየተሳበ መጣና የድንጋዩን ጫፍ ላሰው። ሄቲ ተነሣች። ኬስተር ሊደግፋት እጁን ሰደደ፣ መልሶ ሰበሰበው። ብቻዋን ወርዳ የፊት ጎማዋን እስከ መሐሉ ነከረች። ያን ጊዜ የጮኽነው ጩኸት! ኖርማን ያለቅስ ነበር፤ ነፋሱ ነው ይላል እስከ ዛሬ።

ኬስተር ብስክሌቷን ከውኃው ሲቀበላት ስለ ቤቱ ትንፍሽ አላለም። «የሚመጣው እሑድ መጥቼ ደረጃሽ ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት እተክልልሻለሁ» ብቻ አለ።

«በባቡር ና» አለችው።

በእሑዱ ከባለ ሁለት ፉርጎዋ ባቡር ብረቱን በትከሻው ተሸክሞ ሲወርድ፣ ሄቲ ጣቢያው ላይ ቆማ ሰዓቷን ትመለከት ነበር።