አባቴ የጨመረው ስም

በጋለ ሲሚንቶ ላይ ውሃ ሲረጭ የሚነሣው ሽታ፣ አቧራና ኖራ የተቀላቀለበት ያ እርጥብ ሽታ፣ ዛሬም ሳላስበው አፍንጫዬን ሲነካኝ የድሬዳዋ የግንቦት ከሰዓት ይመለስብኛል። እናቴ የምሳ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ በረንዳውን በባልዲ ውሃ ታቀዘቅዘው ነበር፤ ከተማው በሩን ዘግቶ ተኝቶ፣ ውሾቹ እንኳ በግድግዳ ጥላ ሥር ተዘርረው፣ አባቴ በሽርጥና በካናቴራ ወጥቶ እርጥቡ ወለል ላይ ሰሌን ያነጥፍና ሁለት ሴት ልጆቹን፣ እኔንና ታናሽ እህቴን፣ ይጠራን ነበር። የሚነግረን ተረት የአያቶቻችን አልነበረም። የግሪኮች ነበር።

አባቴ በባቡር ጣቢያው የዕቃ ማከማቻ ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ በከፈተው የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ተቀጥሮ ሠርቷል። ሙቀቱ ገበያተኛ ሲያሳጣቸው ሙሴ ያኒ መዝጊያውን እስከ ግማሽ አውርዶ፣ ባንኮኒውን በጣቱ እየመታ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ የያዘውን የአገሩን የጥንት የጦርነት ግጥም በግሪክኛ ያወርደውና አማርኛ፣ ፈረንሳይኛና ሶማሊኛ እየቀላቀለ ይተረጉምለት ነበር። መንግሥት ተለውጦ ሱቁ ሲወረስ ሰውየው በጅቡቲ ባቡር ተሳፍሮ ሄደ፤ ግጥሙ ግን አባቴ ዘንድ ቀረ።

አባቴ ዝም ብሎ አይጀምርም ነበር። መጀመሪያ እንደ ጥንቱ የግሪክ ዘፋኝ ዐይኑን ጨፍኖ የግጥም አምላክ ድምፅ እንዲሰጠው ይለምናል። «ዘፋኙ ከራሱ አውጥቶ እንደማያወራ እንዲታወቅለት ነው» ይለን ነበር። ከዚያ በቀጥታ ከመሀል ይገባል፤ ጦርነቱ ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖት፣ ሰው ሁሉ ታክቶት፣ የመርከቦቹ እንጨት ባሕር ዳር በስብሶ። እህቴ «ከመጀመሪያው ንገረን እንጂ!» ስትለው፣ «መጀመሪያውንማ ረስተውታል። የሚያውቁት መድከማቸውን ብቻ ነው» ብሎ ይስቅ ነበር። የጀግና ስም ደግሞ ብቻውን አይጠራም፤ እኛ አገር አርበኛ በፈረሱ ስም «አባ እንትና» እንደሚባለው፣ እነሱም በእያንዳንዱ ስም ላይ አንድ ቅጽል አንጠልጥለው፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር ያንኑ ይደግሙታል። መደጋገሙ ሰለቸን ስንለው «ተዉት፣ እዚያ ላይ ነው ዘፋኙ የሚተነፍሰው» ይለን ነበር።

አንዱን ነገር ግን ቸኩሎም ቢሆን አይዘለውም። ሰው ሲሞት ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጦሩ የወጋው ሰው የማን ልጅ እንደነበረ፣ በየትኛው ወንዝ ዳር እንዳደገ፣ ቤት ማን እንደሚጠብቀው ይነገርለትና ከዚያ በኋላ ነው ዐይኑ የሚጨልመው።

«ለጠላትም?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«ለጠላትም። ሙሴ ያኒ እንዲያውም የሚያለቅሰው ለእነሱ ነበር።»

ነሐሴ ላይ ደጋው ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ በሞላበት ሰሞን የሶማሊያ ጦርነት ደጃፋችን ደረሰ። በመልካ ጀብዱ በኩል መድፍ ሲያጓራ እናታችን አልጋ ሥር አስገብታን፣ ጆሯችንን በነጠላዋ ጠቅልላ ትይዘን ነበር። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታት፣ እንደ አክስት «ኤዶ» እያልን የምንጠራት ኤዶ ኸድራ ሶማሌ ነበረች፤ ጨርቃ ጨርቅ እየሸጠች ብቻዋን ያሳደገችው አብዲ የሚባል ልጅ ነበራት። አብዲ የውሃ ቦቴ ነጂ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ለወታደሮቹ ውሃ እንዲያመላልስ ታዘዘ። አንድ ማለዳ በቢዮ አዋሌ በኩል ወጣ፤ እሱም ቦቴውም አልተመለሱም። ፈንጂ በልቶታል ያለ ነበር፤ ወደ ወገኖቹ ነድቶ ገብቷል ያለ ደግሞ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኤዶ ኸድራ ቤት የሚገባ ሰው ጠፋ። እናቴም ደጃፏ ላይ እንዳንቀመጥ ከለከለችን። አንድ ቀን ኤዶ ኸድራ በመስኮት ስሜን ስትጠራኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ አለፍኩ፤ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ግን ምን እያደረግሁ እንደሆነ አውቅ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ቀበሌው የተሰዉ ልጆቹ ስም በእሑድ ስብሰባ ላይ እንዲነበብ ወሰነ፤ ሊቀመንበሩም ድምፁ ያምራል ብሎ ዝርዝሩን ለአባቴ ሰጠው። አሥራ አንድ ስም ነበር። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ሲወጣ፣ ላቡ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆት፣ ስለ ልጆቻቸው እየጠየቀ ከእናት ወደ እናት ሲዞር ሰነበተ። የመጨረሻው ቀን ከኤዶ ኸድራ በር ሲወጣ እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ልጆች እንዳሉህ ረሳህ?»

«አልረሳሁም።»

«የእሷ ልጅ እኮ ዝርዝሩ ላይ የለም! ስም ብቻ አንብብ ነው ያሉህ።»

«ሌላ ቦታም የለም» አላት፣ ሰሌኑ ላይ እየተቀመጠ። «እናቱ በየትኛው ወገን ታልቅስ?»

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ እንደ ምድጃ ነደደብን። አባቴ ተነሥቶ ማንበብ ጀመረ። አህመድ፣ ሐርላ የተወለደ፣ የአባቱን ፍየሎች በየስማቸው የሚጠራ። ግርማ፣ የዳቦ ቤቷ ልጅ፣ ካራምቡላ ሲጫወት የሚያፏጭ። በቀለ፣ የሰርግ ልብሱን አሰፍቶ የሄደ። በየስሙ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ። ሊቀመንበሩ «ጓድ መኮንን፣ ስም ብቻ!» ቢለውም አባቴ ቀና ሳይል ቀጠለ፤ ለመጮህ የመጡት እናቶች መጮህ ትተው ያዳምጡት ጀመር። አሥራ አንደኛውን ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈና ያለ ወረቀት ተናገረ።

«አብዲ፣ የኸድራ ልጅ። የውሃ ቦቴ ነጂ። ልጆች ኋላው ላይ ሲንጠለጠሉ እንዳይወድቁበት ቀስ ብሎ የሚነዳ።»

የኋለኛው አግዳሚ ላይ ኤዶ ኸድራ ሻሿን ፊቷ ላይ ስትጎትት አየኋት።

«እሱ ከሃዲ ነው! ማን ፈቀደልህ?» ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ።

«የጠፋ ልጅ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እናቱ እዚህ ተቀምጣለች» አለ አባቴ። ድምፁ በረንዳው ላይ እንደማውቀው አልነበረም፤ ቀጥኖ ነበር። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክንዱን ይዘው ሲወስዱት አንድ እግር ጫማው ወለቀ፤ ጎንበስ ብሎ እስኪያጠልቀው ቆመው ጠበቁት።

አራት ወር ታሰረ። በመጀመሪያው ቀን ኤዶ ኸድራ አንድ ድስት ሩዝ ይዛ በራችንን አንኳኳች፤ እናቴ አልከፈተችም፣ ድስቱም ደጃፉ ላይ አደረ። በማግስቱ ሌላ ድስት ይዛ መጣች። እናቴ በሩን ከፍታ «በልጅሽ የተነሣ ነው ቤቴ የፈረሰው» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ኤዶ ኸድራ። «እኔ ልጄን ያልቀበርኩ ሴት ነኝ፤ ለቅሶ የደረሰኝም የለም። ያንቺ ሰውዬ ብቻ ስሙን በሰው ፊት ጠራው። ወላሂ፣ ሩዝ ምንድነች? ዝም ብለሽ ውሰጂለት።»

እናቴ ድስቱን ተቀበለች። ኅዳርና ታኅሣሥን፣ ንፋሱ ቀዝቀዝ ባለባቸው ወራት፣ ሁለቱ ሴቶች በየቀኑ አብረው እስር ቤት ሲመላለሱ ከረሙ፤ ብዙ ሲነጋገሩ ግን አላየሁም።

ጥር ላይ አባቴ ተፈታ። ከስቶ፣ እየሳለ፣ ከጸሐፊነቱ ተነሥቶ በዘበኝነት ተመደበ። ሙቀቱ ሲመለስ እናቴ በረንዳውን አቀዘቀዘችለት፣ እኛም ሰሌኑን አንጥፈን ጠበቅነው፤ «ሌላ ቀን» አለን። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ እኛ አደግን። አንዴ ብቻ እህቴ «አባባ፣ አንተም እኮ እንደነሱ ጀግና ነህ» ብትለው ራሱን ነቀነቀ። «አይ ልጄ፣ ፈርቼ ነበር። ጫማዬ የወለቀው እግሬ ሲንቀጠቀጥ ነው።»

አብዲ የት እንደወደቀ፣ መውደቁም ሆነ መሻገሩ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኤዶ ኸድራ ሳታውቅ ሞተች።

አባቴን የቀበርነው እኔ ራሴ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ልጆቼ ሥራ ከያዙ በኋላ ነው። እንደ ዘመኑ ልማድ የሕይወት ታሪኩ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ የተወለደበት፣ የተማረበት፣ ያገለገለበት፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ፣ አንድ ገጽ ተኩል። ያችን እሑድ ጽፌያት ነበር፤ ዘመድ ወዳጁ «አሁን ምን ያደርጋል? ፀሐዩም ከባድ ነው፣ አሳጥሪው» ሲለኝ ሰረዝኳት። አንባቢው ፈጥኖ ጨረሰ፣ ሰዉም ፈጥኖ ወደ መኪናው ተበተነ። ያኔ አባቴ ለጎረቤት ልጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሊቀመንበርና ጠመንጃ ፊት ቆሞ ነበር። እኔን ግን ማንም አልከለከለኝም፤ ደክሞኝ ነበር፣ ያ ብቻ ነው።