ሁለቴ ከጓሮ፣ አንዴ ከማድቤት

ጽዱ በአዲሱ የዕቃ ማጠቢያ ዕቃ አታጥብበትም፤ ትወለውለዋለች እንጂ። ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ታብሰዋለች፣ እንደ መስታወት ሲያብረቀርቅ ቆም ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ ሳፋዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሳህኖቿን ታጥባለች። እጣቢውን በባልዲ ተሸክማ በጓሮ በር ትወጣና የፍሳሽ ጉድጓዱ ውስጥ በገዛ እጇ ትደፋዋለች። ማድቤቱ ከታደሰ ሦስት ወሩ ነው፤ ማጠቢያው ውኃ አላወርድ ካለም ያው ሦስት ወሩ። ይህን የምናውቀው እኔና ባልዲዬ ብቻ ነን ብላ ታስባለች።

መንደሩ «እትዬ ጽዱ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ባልደረቦቿ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አንሶላ ስታጥብ የኖረች፣ አንዲት ነጥብ እድፍ ካየች ሙሉውን መልሳ የምትነክር ሴት ሌላ ምን ትባላለች? እኛ «እትዬ»ውን ትተን ጽዱ ብቻ እንበላት፤ ትቆጣ ይሆናል እንጂ አትቀየምም።

ባሏንም ያገኘችው እዚያው ማጠቢያ ክፍል ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን ፍሳሹ ተዘግቶ ወለሉ በሳሙና አረፋ ሲጥለቀለቅ ተጠርቶ መጣ። ማሽኖቹ ሲጮኹ እንኳን የሰው ድምፅ ነጎድጓድም አያሰሙ። እሱ ከውስጥ ውኃ ሲለቅ፣ ጓሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ «ደርሷል» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል፤ ቢጮህለትም አይሰማም። ስለዚህ በአቅራቢያው ያገኛትን ልጅ፣ ማለትም ጽዱን፣ ጓሮ አስቆማትና «ውኃው ሲደርስ ቧንቧውን በድንጋይ ሁለቴ ምቺው። እኔም መስማቴን እንድታውቂ አንዴ እመታለሁ» አላት። መታች። መለሰላት። ፍሳሹ ያን ዕለት ወዲያው ነበር የተከፈተው፤ እሱ ግን ለማረጋገጥ ነው እያለ አምስት ጊዜ ውኃ ለቀቀ። ስድስተኛውን ሊለቅ ሲል የክፍሉ ኃላፊ «የምትፈትሸው ፍሳሹን ነው ወይስ ልጅቷን?» ብላ አባረረችው።

ተጋብተው ቤት ሲሠሩ የማድቤቱን ፍሳሽ ራሱ ዘረጋው፤ ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ ከመስኮቱ ሥር ከማጠቢያው ተነስቶ ቀጥ ብሎ ጓሮ ጉድጓድ የሚገባ። በየዓመቱ ዝናብ ሊገባ ሲል ይጠርገዋል፤ እሱ ውስጥ፣ እሷ ጓሮ። እዚህ የሚጮህ ማሽን የለም። ቢጠራሩ ይሰማሙ ነበር፤ ግን አንዴም ተጠራርተው አያውቁም። ሁለቴ ከጓሮ፣ አንዴ ከማድቤት። ልጃቸው ተወልዳ ድክ ድክ ማለት ከጀመረች ወዲህ የመልሱ ምት ዘገየ፣ ሳሳም። «እጅህ ደከመ መሰለኝ፣ ሽማግሌው» ስትለው ይስቃል እንጂ አይመልስላትም።

ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። ቧንቧውን የሚመታበት መፍቻ በማድቤቱ በር ኋላ ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ጽዱም ማጠቢያው ፊት እንደቆመች ቀረች። ከመስኮቱ የግቢው በር ይታያል። ዕድሜ ልኳን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እዚያ ቆማ ዕቃ ስታጥብ፣ እሱ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ በሩን በእግሩ ገፋ እያደረገ ሲገባ ታየው ነበር። አሁንም በዚያው ሰዓት ትቆማለች። የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። እንደማይመጣ ታውቃለች፤ አእምሮዋ ደህና ነው። ይናፍቃታል፣ በቃ።

ልጇ የምትሠራው ሌላ ከተማ ነው። ባለፈው መጥታ ሦስት ቀን ተቀመጠች፤ ሦስቱንም ቀን እናቷን ከኋላዋ ሆና ስታያት ሰነበተችና በአራተኛው «ይኼ ማድቤት መታደስ አለበት» አለች። እሷ ካለች አለች ነው፤ ድርቅናዋ የአባቷ ነው። ቤት አዳሽ ተጠራ። ማጠቢያው ከመስኮቱ ሥር ተነቅሎ ከማዶው ግድግዳ፣ ጨለም ያለ ጥግ ውስጥ ተተከለ። በቦታው መስኮቱን እስከ ግማሽ የሚሸፍን ማቀዝቀዣ ቆመ። ወለሉ ሴራሚክ ለበሰ። የብረቱ ቧንቧ ተቆርጦ፣ አፉ ተደፍኖ ከሴራሚኩ ሥር ሲቀበር ግን ጽዱ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ይኼ ቧንቧ እኮ ምንም አልሆነም።»

«ምንም ችግር የለም፣ እናቴ» አለ ቤት አዳሹ። ለሁሉም ነገር የሚሰጠው መልስ ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያቺን የመፍቻ ምስማር ብቻ አላስነካም አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ልጅ ሰርግ የመሰለ ስጦታ ስትሰጥ እናት ምን አፍ ኖሯት ትነቅፋለች? ቤት አዳሹ ሥራውን ጨርሶ ሄደ፤ ስልኩም አብሮት ሄደ። በሳምንቱ ማጠቢያው ማጉረምረም ጀመረ፤ የወረደው ውኃ ከነሽታው ተመልሶ ይወጣል። ልጇ በየሳምንቱ እየደወለች «እማዬ፣ ማድቤቱስ?» ስትላት፣ «ያብረቀርቃል፣ ልጄ» ትላታለች። ይኼ ውሸት አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ሳትናገር መጣች። የግቢውን በር ገፍታ ስትገባ እናቷን ከነባልዲዋ አገኘቻት።

«ምንድነው የተሸከምሽው?»

«አበቦቹን ላጠጣ ብዬ ነው።»

«ሩዝ በሚዋኝበት ውኃ?»

ይኼን ጊዜ ጎረቤቲቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ሦስት ወሯ ነው እኮ! አልናገርም ብዬ ነው እንጂ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው!» አለች። አልናገርም ብላ ሦስት ወር መቆየቷ ራሱ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

ረፋዱ ላይ ባለ ኮፍያ ቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ማጠቢያው ሥር ተንበርክኮ ዝንባሌ የሚለካበትን ውኃ ልክ ቱቦው ላይ አስቀመጠና እናትና ልጅን ጠራቸው።

«ይቺን አረፋ አያችኋት? የምትሸሸው ከፍ ወዳለው ጫፍ ነው። የቱቦው መውጫ ከመግቢያው ከፍ ብሏል። ይኼ ውኃ ሽቅብ ውጣ ነው የተባለው፤ ውኃ ደግሞ ትእዛዝ አይሰማም።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?» አለች ልጅቷ።

«ወይ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አፍርሼ ቱቦውን ቁልቁል እዘረጋዋለሁ። ወይ ደግሞ አሮጌው ቧንቧ ካለ ማጠቢያውን ወደ መስኮቱ መመለስ ነው። እሱ ይቀላል።»

ጽዱ «እሱ ይሁን» ልትል ነበር። አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን ልጇ ቀደመቻት።

«ወደ መስኮቱ አይመለስም! ወለሉ ይፍረስ።»

«ለምን፣ ልጄ? ፋሽን ስላልሆነ ነው?»

«የምን ፋሽን አመጣሽ!» ልጅቷ ፊቷን አዞረች። «ሦስት ቀን ሙሉ አየሁሽ እኮ። ያቺኑ አንዲት ብርጭቆ ስታጥቢ፣ በሩን ስታዪ። ሥራ ቦታዬ ተቀምጬ፣ ይኼኔ እማዬ ቆማለች፣ ይኼኔ ቆማለች እላለሁ። በሩን ባታይ ይሻላታል ብዬ ነው። ይኼን ሁሉ ያሳደስኩት ለዚያች መስኮት ብዬ ነው።»

ባለ ኮፍያው ሰውዬ ቦርሳው ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረ።

ጽዱ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ለካስ ልጇም እንደ እሷ ሦስት ወር ሙሉ አፏን ዘግታ ኖሯል። ሁለቱም ሌላዋ እንዳትከፋ ብለው፣ ሁለቱም ተሳስተው።

«ማጠቢያውን አዞርሽው፤ ናፍቆቱ ግን አብሮ አልዞረም» አለቻት ቀስ ብላ። «እዚያ ጥግ ግድግዳ እያየሁም ይናፍቀኛል፤ እንዲያውም ይብሳል። መስኮቱ ጋ ስቆም እጄም ሥራ አለው፣ ዓይኔም ማረፊያ አለው። አሁን ባይመጣ ምናለ? እኔ የማየው የመጣባቸውን ቀኖች ነው።»

«እሺ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ይመለስ።»

ይመለስ ማለቱስ ቀላል ነው። ማቀዝቀዣው ተገፋ፤ ከሥሩ ያለው ሴራሚክ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ያ ምንም ችግር የለም ባይ አንዲት ምልክት እንኳ አላኖረም።

«በግምት ከገባሁበት ግማሹን ወለል ልሰብርብዎት ነው» አለ ባለ ኮፍያው።

«ብረት ነው» አለች ጽዱ ከመቀመጫዋ እየተነሳች። «እርስዎ ጆሮዎን መሬቱ ላይ ያድርጉ። እኔ ከጓሮ እነግርዎታለሁ።»

ድንጋይዋ የጉድጓዱ አፍ አጠገብ፣ የድሮ ቦታዋ ላይ ነበረች፤ ለእጇ ልክ የሆነች ድቡልቡል ድንጋይ። ክዳኑን እየጎተተች ከፈተች። ከአዲሱ የፕላስቲክ ቱቦ ጎን የብረቱ አፍ ደርቆ ይታያል። ተንበረከከችና ሁለቴ መታች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ድምፁ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እሷም እንባዋ ሲወርድ ዝም አለችው፤ ጓሮ ማን አያት? ደጋግማ መታች።

«እዚህ ነው! አገኘሁት!» የሚል የባለ ኮፍያው ድምፅ በመስኮቱ መጣ። መዶሻው ሲያርፍ ሰማች፤ አንዲት ሴራሚክ ብቻ ተሰበረች። ትንሽ ቆይቶ፣ የተደፈነውን የቧንቧ አፍ ከፍቶ «ውኃ ልለቅ ነው፣ እትዬ!» አላት።

መጀመሪያ ቧንቧው አጉረመረመ። ከዚያ ዝገት የቀላቀለ ቀይ ውኃ ብቅ አለ፤ ቀስ በቀስ እየጠራ፣ እየፈጠነ ቁልቁል ወረደ። የጽዱ እጅ ሳታዘው ሁለቴ መታ። እንደ ልማዷም ጆሮዋን ሰጠች።

ማን ሊመልስላት? ሰውዬው ይህን ነገር አያውቅ። «ተነሺ እንግዲህ» አለች ለራሷ። ጉልበቷን ይዛ ልትነሳ ስትል በቧንቧው ውስጥ መጣ። አንዴ። ዘግየት ያለ፣ ሳሳ ያለ፣ ልክ እንደ ድሮው።

እንዴት ማድቤት እንደደረሰች አታውቅም። ልጇ የተሰበረችው ሴራሚክ አጠገብ ተንበርክካለች። የአባቷን መፍቻ ከምስማሩ አውርዳ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ማን ነገረሽ?»

«አባዬ ነዋ። ሁሌም እኮ የምመታው እኔ ነበርኩ። ያቅፈኝና መፍቻውን በሁለት እጄ አስይዞ ‹ለእናትሽ መልሽላት› ይለኛል። ስለሚከብደኝ እዘገይ ነበር።» ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «አታውቂም ነበር እንዴ?»

ጽዱ አታውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጓሮ ቁጭ ብላ የእሱን እጅ የሰማች ይመስላት ነበር። ስትመልስላት የኖረችው ግን ይቺ አቧራ ለብሳ ፊቷ የተንበረከከችው፣ በሕይወት ያለችው ልጇ ናት።

«እጅህ ደከመ እያልኩ ስንት ዓመት ሰደብኩት!» አለች። ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣባት።

ባለ ኮፍያው መሣሪያውን ሰበሰበ። «ፍሳሹ ደህና ነው። ከምሳ በኋላ ማጠቢያውን እገጥማለሁ።»

«እስቲ አንድ ባልዲ ውኃ ይድገሙበት» አለችው ጽዱ።

«ለምን? ደርሷል እኮ፣ እትዬ።»

«ለማረጋገጥ ነዋ» አለችና፣ ልጇን በዓይኗ መፍቻውን እንድታነሳ ጠቅሳት፣ ድንጋይዋ ወዳለችበት ጓሮ ወጣች።