ሲሚንቶው የተለቀለቀ ዕለት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መንሸራተት አልነበረም፤ ግራሶ መቀባት ነበር። አስመራ፣ አንድ የጣሊያኖች መዝናኛ ክበብ ጓሮ ውስጥ፣ አለቃዬ ሲኞር ብሩኖ አንድ ጆንያ መንኮራኩር እግሬ ሥር ዘረገፈና ካቻቢቴ ወረወረልኝ። ፍታ፣ እጠብ፣ ቀባ፣ ግጠም አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወገቤን ሳላቀና ውዬ፣ እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሮ ቤቴ ገባሁ።

እናንተ የጋራዥ ልጆች በሻይ ሰዓት «ጋሼ፣ እውነት በባለጎማ ጫማ ሴት ተሸክመው ይጨፍሩ ነበር?» እያላችሁ ስለምታሾፉብኝ ነው ይህን የማወራው። አዎ፣ ነበር። ጎማ ግን አልነበረውም።

ጫማው ፓቲኒ ይባላል። ጠንካራ የቆዳ ጫማ ነው፤ ከሥሩ ብረት ይታሰርበታል፣ ከብረቱ ሥር አራት መንኮራኩር ይገባል። መንኮራኩሩ የብረት ወይም የእንጨት ነው። የብረቱ ይፈጥናል፣ ይጮሃል። የእንጨቱ ይዘገያል፣ ወለል ይይዛል። መሐል ያለውን ብሎን ስታጠብቀው ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ፤ ስታላላው ወደ ጎን ይታጠፍልሃል። ሙያው ግማሹ እዚያ ብሎን ላይ ነው። ጠብቆ የቀረ ጫማ ያደረገ ሰው ግድግዳ ሲያቅፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ደንበኞቹ ሲሄዱ ያጸዳሁትን ጫማ እያደረግሁ ተለማመድኩ። ሲኞር ብሩኖ አንድ ቀን ደረሰብኝ። ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን በዓይኑ ለካና ሄደ። በማግሥቱ ብርኽቲን ይዟት መጣ፤ የክበቡን ልብስ የምታጥብ ልጅ ናት። የአገሬው ሰው ከጣሊያኖቹ ጋር አብሮ መንሸራተት አይፈቀድለትም ነበር፤ ለትርኢት ግን ይፈቀድለታል። ብርኽቲ በትግርኛ «ዝንጀሮ ሊያደርጉን ነው እንዴ?» አለችኝ። ሰውዬው አልገባውም። አሠልጣኝነቱን ግን አልክድም፤ አጥንታችን እስኪላላ ነው ያሠራን።

ለጥንድ ሥራ አንድ ሕግ ነበረው። ወንዱ ሴቷን ከራሱ በላይ አንሥቶ ሲዞር ካዳለጠው፣ እጁን አይለቅም፤ ራሱን ከታች ያስገባል። «ከወደቅህ አንተ ከታች» ይለኝ ነበር። «እሷ ሲሚንቶ ከነካች ነገ አትምጣ።»

ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሲኞር ብሩኖ የጅማን መንገድ የሚሠሩትን ጣሊያኖች የማዝናናት ሥራ ያዘ። እኔንና ብርኽቲን፣ ጫማዎቹንና የሸክላ ማጫወቻውን በካሚዮን ጭኖ ወልቂጤ አመጣን። የትርኢቱ ቦታ የሠራተኞቹ ካምፕ መጋዘን ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከአገና ገበያ የሚመለሱ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። አንድ ሽማግሌ እግራችንን አተኩረው አይተው «እናንተ ናችሁ የምትሄዱት ወይስ መሬቱ?» ብለው ጠየቁኝ። ሳቅሁ። ከጀርባቸው የቆመው ጎልማሳ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጣሊያን ባንዲራ አየና ምራቁን ጢቅ አድርጎ «ባንዳ» አለኝ። ያኔ ብዙ አማርኛ አላውቅም። ያንን ቃል ግን አውቀው ነበር። አፈርኩ፤ ለብርኽቲም አልነገርኳት።

ከወልቂጤ ቡታጅራ ወሰዱን። አንድ ኮሎኔል ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ አዲስ መጋዘን ተሠርቷል። ሲኞር ብሩኖ ወለሉን ለማሰናዳት የመንደሩን ሴቶች አስጠራ። አለቃቸው እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ የመስቃን ሰው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ዓይን ዓይን የሚያዩ። ሲኞሩ ተናገረ፣ እኔ በተሰባበረ አማርኛዬ አስተላለፍኩ፤ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፣ ወለሉን በደንብ አሰናዱት። እትዬ ዘይነባ ሲሚንቶውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉና አዘኑለት። «ይሁን፣ ለኛ ተዉት» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት በሩን ስንከፍት ሲሚንቶ የለም። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ተለቅልቋል። እበትና ቀይ አፈር በወግ ተቦክቶ፣ በእጅ ተስቦ፣ በድንጋይ ተፈግፍጎ ያብረቀርቃል። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ያማረ ልቅልቅ እስከ ዛሬ አላየሁም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ጋ ቆመዋል፣ ምስጋና ይጠብቃሉ። ብርኽቲ ጎንበስ ብላ በጥፍሯ ጫር አደረገችውና ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

ሲኞር ብሩኖ «በዚህ ላይ መንኮራኩር አይሄድም!» ብሎ ጮኸ። በጩኸቱ የጦር ሠፈሩ ካፒቴን መጣ። በዚያው ሰሞን አርበኞች በተራራው በኩል የስልክ ሽቦ ቆርጠው ስለነበር ለሰውዬው ሁሉም ነገር ሸፍጥ ነው። ኮሎኔሉ ፊት ሊያዋርዱኝ ነው አለ። ማን እንዳዘዘ ጠየቀ። እትዬ ዘይነባ ወደፊት ወጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ወለሉ ራቁቱን ነበር። እንግዳ በራቁት ወለል ላይ ይገባል እንዴ? ለአረፋ ቤታችንን እንደምናሰናዳው ነው የሠራነው።»

ተረጎምኩለት። አላመነም። የጉማሬ አለንጋ የያዘ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ ጠራና ሴትዮዋን ውጪ አጋድሙልኝ አለ። በዚያ አለንጋ የተገረፈ ጎረምሳ ወልቂጤ ላይ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አልቆመም። እትዬ ዘይነባ ደግሞ የናቴ እኩያ ናቸው።

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም። «ካፒቴን፣ እኛ ነን ያስለቀለቅነው» አልኩ። «የብረቱ ጩኸት ሙዚቃውን ስለሚውጠው ነው። በዚህ ላይ ስንሄድ ሸክላው ይሰማል።» ሲኞር ብሩኖ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ስለ ጩኸቱ ሲያማርር የኖረው እሱ ነውና ውሸት ነው ለማለት አልተመቸውም።

ካፒቴኑ እኔን አየ፣ ወለሉን አየ። «እንግዲያውስ አሳዩኝ» አለ። «ወልቂጤ ላይ ያየሁትን በሙሉ። ከወደቃችሁ ግን ሴትዮዋ ትገረፋለች።»

ጫማዎቹን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። የብረቱን መንኮራኩር አውጥቼ የእንጨቱን ገጠምኩ። መሐል ብሎኑን ትንሽ ጠበቅ አደረግሁት፤ በልቅልቅ ላይ ድንገት መታጠፍ አይቻልም፣ ሰፋ አድርጎ መዞር ነው። ብርኽቲ ማሰሪያዋን እየሳበች «ማንሣቱን እንተወው» አለችኝ። ካፒቴኑ በሙሉ ብሏል አልኳት። ማሰሪያዋን ፈታችና እንደገና ከሥሩ ጀምራ አጠበቀችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን እሷ በአማርኛ ሳትሰማው ታውቀው ነበር።

ሸክላው ተነሣ። መጀመሪያ ጥሩ ሄድን። እውነትም ድምፅ የለውም፤ ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ውሸቴ እውነት ሆነ። ጎን ለጎን ዞርን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ኋላ ሄድን። ልቅልቁ ከሥራችን ስንጥቅ ስንጥቅ ማለት ሲጀምር ይታወቀኝ ነበር። ማንሣቱ ላይ ደረስን። ብርኽቲን ከራሴ በላይ አነሣሁና አንድ ዙር ዞርኩ። ሁለተኛው ላይ ከግራ እግሬ ሥር ልቅልቁ እንደ ደረቀ ቆጮ ተልጦ ተነሣ።

ወደቅሁ። እጄን ግን አልለቀቅሁም። በግራ ክንዴ ላይ ወደቅሁና እሷን ደረቴ ላይ ተቀበልኳት። ክንዴ ሲሰበር ሰማሁት። ብርኽቲም ሰማችው። ወለሉን ሳትነካ ደረቴ ላይ ቁጭ እንዳለች ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ለካፒቴኑ ፈገግ አለችለት። እኔም ጥርሴን አሳየሁ፤ ፈገግታ ይሁን አይሁን አላውቅም። አስካሪዎቹ አጨበጨቡ። ካፒቴኑ ማለቂያው እንዲህ ነው ወይ ብሎ ሲኞር ብሩኖን ጠየቀው።

ሲኞር ብሩኖ የሙያ ሰው ነው፤ ምን እንደሆነ አይቶታል። «አዲስ ነው» አለ። ለዚህች ቃል ሳመሰግነው እኖራለሁ። ካፒቴኑ ሴትዮዋን ልቀቋት ብሎ ወጣ። ኮሎኔሉም ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ስላደረገው ሳይመጣ ቀረ። ወይ ጉድ! ለዚያ ሰውዬ ነበር ይህ ሁሉ።

የተሰበረ ሰው ለጥንድ ሥራ አይሆንም። ሲኞር ብሩኖ በሳምንቱ ካሚዮኑን አስነሣ። ብርኽቲን ሌላ ወንድ አስተምርልሻለሁ፣ ካሚዮኑ ላይ ውጪ አላት። እሱ እስኪድን ከዚህ አልሄድም አለችው። እንግዲያው ጫማው የክበቡ ነው አላት። እዚያው ቁጭ ብላ አውልቃ፣ ማሰሪያውን በወግ ጠቅልላ ሰጠችውና በባዶ እግሯ ወደኔ መጣች። አገር የቀየርነው ያኔ ነው። ማንም ማህተም አልመታልንም።

እትዬ ዘይነባ ቤታቸው ወሰዱን። ወጌሻ አስመጥተው ክንዴን አሳሰሩ። ባላቸው ጓሮ ወርደው አስታራ የሚባለውን እንሰት ነቀሉልኝ። አስታራ ለአጥንት ነው። ሥሩ ይቀቀልና በወተት ይበላል። ዓመታት ጠብቆ የሚያድግ፣ ለቤተሰብ ሰው ስብራት የሚቀመጥ ተክል ነው፤ ለመንገደኛ አይነቀልም። ይህን የነገረችኝ ብርኽቲ ናት፣ ከጎረቤት ሰምታ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

ጣሊያን ሲወጣ አርበኞቹ ወረዱ። ለጠላት ያደረ ሰው እየተፈለገ ነበር። እኔም ጀፎረው ላይ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በሚሸንጉበት ሣር ላይ፣ ቆምኩ። ወልቂጤ ላይ ያየኝ ሰው መሰከረብኝ፤ በባንዲራቸው ሥር ሲጨፍርላቸው አይቼዋለሁ አለ። ውሸት አልነበረም። ያርበኞቹ አለቃ «አገርህ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አስመራ ብል ካሚዮኑ ሄዷል። እዚህ ብል ማን ያምነኛል?

እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ መሐል ተነሥተው መጡና ግራ ክንዴን ይዘው ወደ ላይ አነሡት። ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የገጠመው፣ ዛሬም ታዩታላችሁ።

«ይህ ልጅ የወደቀው በኔ ፈንታ ነው» አሉ። «የገጠመውም በኔ አስታራ ነው። ይህ ክንድ የቡታጅራ ነው። የቀረውን እንወስዳለን ካላችሁ እናንተው ለዩት።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁ። ሌሎቹም ተከተሉ። አለቃው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ተቀመጥ አለኝ።

ከዚያ በኋላ መካኒክነት ያዝኩ። ከተሰበረ ካሚዮን ኩሽኔታ አውጥቼ፣ ከወይራ መንኮራኩር ጠርቤ ሁለት ጥንድ ፓቲኒ ሠራሁ። በበዓል ቀን በዚያው መጋዘን ከብርኽቲ ጋር እንንሸራተት ነበር፤ ልቅልቁን ራሳችን ፍቀን አንሥተነዋል። እትዬ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው «ራቁት ወለል!» እያሉ ይቆጡን ነበር። ብርኽቲን ማንሣት ግን አልቻልኩም፤ ክንዴ እምቢ አለ። እጅ ለእጅ ይዘን መዞር ብቻ ነበር፣ እሱም በቃን።

ከሙያው የቀረኝ ይኸው ነው። ሰው ይዘህ ካዳለጠህ እጅህን አትልቀቅ፤ ከታች ግባ።