ከበርሜሉ የቀዳሁት ውሃ

እናቴ ይህን አታውቅም። አንድ አልጋ ላይ አብራኝ ያደገችው እህቴም አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና ሰባት ወሬ ነው፤ ዶርም ውስጥ ስለየቤታችን ስንጫወት ይህችን ዘልዬ ነው የማልፈው። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

ጅግጅጋ ውስጥ ግቢያችንን ከኤዶ ሳፊያ ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ የጨርቅ ሱቅ ሲከፍት መጀመሪያ ቤቷን የከፈተችለት እሷ ናት፤ እኔም እንደ እናቴ አንቺ እያልኳት አደግኩ። ወንድ ልጇ አብዲ በድብቅ በስደት ወጣና ባሕር ላይ ሰጠመ። መርዶውን በሰማችበት ቀን ጠዋት በእግሯ ቆማ ነበር። ከሰዓት በኋላ እግሮቿ አልታዘዟትም። ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ተወሰደች፤ ሐኪሙ አጥንቷም ነርቧም ደህና ነው አለ። «ሐዘን ነው። ልቧ ካልተነሳ እግሯ አይነሳም» ብሎ መለሳት።

ከዚያ በኋላ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ እንዲመጣላት ጠየቀች። የሚያነቡበት ሼክ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በካራማራ መንገድ ነው። በየዓርቡ ጠርሙስ ይዛ እንድትሄድ የተመረጠችው ልጅ እኔ ነበርኩ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ታዛዥ ናት እባል ነበር፤ መባሉንም እወድ ነበር።

«መሬት እንዳታስቀምጪው። መንገድ ላይም ከሰው ጋር እንዳታወሪ» አለችኝ ኤዶ ሳፊያ።

ሁለት ዓርብ ሄድኩ። በሦስተኛው ፀሐዩ ከረረብኝና ጓደኛዬ ቤት ገብቼ ተከታታይ ፊልም ሳይ ዋልኩ። ስወጣ ጠርሙሱን በራቸው ላይ ካለው በርሜል ሞላሁት። እኔ ነኝ የሞላሁት። ማንም አላሳሳተኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። በአራተኛውም ዓርብ፣ በአምስተኛውም፣ ከዚያም በኋላ እኔው ነኝ የሞላሁት።

ኤዶ ሳፊያ ከመጠጣቷ በፊት ጠርሙሱን ጆሮዋ ላይ ታስጠጋና ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የበርሜሉ ዝገት ውሃው ውስጥ ሲንሳፈፍ አያለሁ።

«ዛሬ ሼኩ ረጅም ሱራ ነው ያነበቡበት» አለችኝ አንድ ዓርብ።

«አዎ፣ ረጅም ነው» አልኳት።

«ከሳቸው ኋላ አብዲም ይሰማኛል። እናቴ ተነሺ፣ እኔ ደረቅ መሬት ላይ ነኝ ይለኛል።»

በዚያ ውሃ ላይ ማንም አንዲት ቃል አላነበበም። ለምን ያኔ አልተናገርኩም? ፈርቼ ነው? ወይስ እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ መስማት ፈልጌ ነበር?

በዚያው ሳምንት የግራ እግሯ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። በወሩ ግድግዳ ይዛ ቆመች። በሁለተኛው ወር ገበያ ወጣች። ቲማቲም የምትሸጠው ጎረቤታችን ከሩቅ አይታ፣ «ሳፊያ፣ የማንን እግር ነው የተዋስሽው?» አለቻት።

«የባልሽን። ጫቱ ላይ ተቀምጦ ስለሚውል እሱ አያስፈልገውም» አለች ኤዶ ሳፊያ። ገበያው ሳቀ። እኔም ቅርጫቷን ይዤ ከኋላዋ እየሄድኩ ሳቅኩ።

እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ዛሬም በእግሯ ትሄድ ነበር። አልተውኩትም።

ሰፈሩ ሁሉ ሼኩን ያመሰግናል። ከሩቅ ሳይቀር ሰው ጠርሙስ ይዞ ወደሳቸው ይጎርፋል። እኔን ግን ማንም አያነሳኝም። አሥረኛ ክፍል ስገባ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ሰው በጽኑ ያመነው ነገር በአካሉ ላይም ሊሠራ እንደሚችል አስረዱን። ሮጬ ወደ ኤዶ ሳፊያ ግቢ ሄድኩ። እውነቱን ብነግራት ትጠነክራለች ብዬ ነው እል ነበር ለራሴ። ውሸት ነው። ማመስገን ካለባት እኔን እንድታመሰግን ፈልጌ ነው።

ቆማ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ በርሜሉን፣ ፊልሙን፣ ዓርቦቹን። «ያዳነሽ ውሃው አይደለም ኤዶ። ፈቃድሽ ነው። ራስሽን ያዳንሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። ፈገግ ብዬ ነበር የነገርኳት።

በእጇ የያዘችውን ሻሽ ገመዱ ላይ ዘረጋችው። ጫፉን አስተካከለችው። ከዚያ ዞራ አየችኝ።

«ታዲያ ስሰማው የነበረው የማን ድምፅ ነው?»

የራስሽ ሐሳብ ነው አልኳት። አዎ፣ ይህን አልኳት። ገመዱን እንደያዘች ቀስ ብላ ወረደች፤ ልክ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው፣ መጀመሪያ ጉልበቷ፣ ከዚያ ወገቧ። ሴት ልጇ ሆዳን ከቤት ስትወጣ፣ «ፀሐይ ነው የመታኝ» አለቻት። ስሜን አልጠራችም። እስከ ዛሬም ለማንም አልጠራችውም።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ እውነተኛውን አመጣሁላት። በእግሬ ሄድኩ፣ መሬት አላስቀመጥኩም፣ ከሰው አላወራሁም። ሼኩ ሲያነቡበት በዓይኔ አየሁ። ጠርሙሱን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ረጅም ጊዜ ትቆይና ትመልስልኛለች።

«ዝም ብሏል» ትለኛለች። እንዲህ ስትል እኔን አታይም፤ በጠርሙሱ ውስጥ አሻግራ ነው የምታየው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ስል ልሰናበታት ገባሁ። አልጋዋ አጠገብ ተንበረከክሁ፤ አፌን ሳልከፍት ምን እንደምለምናት አወቀች።

«ከበርሜል መቅዳትሽን ይቅር ብዬሻለሁ። ልጅ ነበርሽ፣ ሰነፍሽ» አለችኝ። እጇን ራሴ ላይ አደረገች። «የነገርሽኝን ግን አልቻልኩም።»

ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። እናንተንም ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የሚሰጠው እሷ ጋ ነው፣ እሷም አልቻለችም። እውነት ነው የተናገርሽው፣ ምን አጠፋሽ የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ግቢው ውስጥ ነበርኩ፤ ፊቷን አይቻለሁ። አብዲን ባሕሩ አንድ ጊዜ ነው የወሰደው። ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ እናቱን ሲጠራ የነበረውን አብዲን ግን ያሰጠምኩት እኔ ነኝ።