«መስኮቱን ላነሳ ነው»

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስሜ ተጠራ። በእኛ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ስምሽ ከተጠራ ወይ አርፍደሻል፣ ወይ ዩኒፎርምሽ ጎድሏል። እኔ ግን የተጠራሁት ያነሳሁት ፎቶ እዚህ ቦንጋ በሚዘጋጀው የተማሪዎች ኤግዚቢሽን ላይ እንዲሰቀል ስለተመረጠ ነው! ጓደኛዬ መሠረት ከኋላዬ «እሰይ!» ብላ ጮኸችና የተቀጣችው እሷ ሆነች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሬ መሬት አልነካም። ያየው ሁሉ «ፎቶው ያምራል» ይለኛል። እኔ ግን ልንገራችሁ፣ ታሪኩ ከፎቶው ይበልጣል። የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። በአንዲት ቃል የተነሳ ሌባ ተብዬ ስለተያዝኩ መቼም አልረሳውም።

ከሰፈራችን ወረድ ብሎ፣ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጣራ የሌለው አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። ውስጡን ሣር ወርሶታል። አንድ አናቱ ቅስት የሆነ መስኮት አለው፤ በእሱ ስታዩ ጫካው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አምና እኔና መሠረት ሄደን ብዙ ፎቶ አንስተን ነበር። የእናቷ ስልክ ባልዲ ውስጥ ገባና ሁሉም ጠፋ። ስለ ኤግዚቢሽኑ ሲነገረን መጀመሪያ የታወሰኝ ያ መስኮት ነው። ወንድሜን ለምኜ ለምኜ አዲሱን ስልኩን አዋሰኝ። «ከቢሮ ስወጣ እጄ ላይ ካላስቀመጥሽው እህት የለኝም» አለኝ።

ስደርስ ክው አልኩ። ግድግዳው ቀንሷል። በአንድ በኩል የነበረው ጥግ ጭራሽ የለም። ደግነቱ መስኮቱ አለ። ካፊያ ስለነበር ስልኩን በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እንደከተትኩ፣ ከየት በኩል ቢነሳ እንደሚያምር ለማየት ግድግዳውን እዞረው ጀመር።

«አንቺ! ምን ፈልገሽ ነው?»

ዘወር ስል ማጭድ የያዙ አሮጊት ቆመዋል። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ቦንጋ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ካፊኖኖ ስሰማ ይገባኛል፣ ስናገረው ግን ሰው ይስቅብኛል። ስለዚህ በአማርኛ መለስኩ። እሳቸው ደግሞ ለካ አማርኛ የሚያወሩት ገበያ ሲወጡ ብቻ ነበር።

«ይሄን መስኮት ላነሳ ነው፣ እትዬ።»

«ልታነሺ?»

«አዎ። ከቻልኩ ግድግዳውንም።»

«በምን?»

«የወንድሜ አለ። አዲስ ነው፣ ብዙ ይይዛል።»

ማጭዱን ከግራ እጃቸው ወደ ቀኝ አዛወሩት። እኔ አሁንም ምንም አልገባኝም።

«ወንድምሽ የት ነው?»

«ቢሮ። እሱ ከሥራ ሳይወጣ ጨርሼ መመለስ አለብኝ።»

«የቢሮ ሰው ሆኖ! ማን ፈቀደልሽ?»

«ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ? አምናም እኮ አንስቻለሁ። ብዙ ነበር፤ ግን ሁሉም ጠፋብኝ።»

እንዲህ ብዬ በገዛ አፌ በራሴ ላይ ፈረድኩ። የቦርሳዬን ማንገቻ ጨምድደው ያዙና «ያዝኳት! የድንጋይ ሌባዋን ያዝኳት!» ብለው ጮኹ። ከመንገዱ ማዶ ሰው እየሮጠ መጣ። እሳቸው ቦርሳውን ይጎትታሉ፣ እኔ እጎትታለሁ። ስለ ራሴ አልነበረም ያሰብኩት፤ ስልኩ ቢወድቅ ወንድሜን ምን ብዬ አየዋለሁ?

ከመጡት መሃል ጃንጥላ የያዙ አንድ ሰው ነበሩ፤ ጎረቤታቸው ጋሽ አድማሱ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይቺ ናት ግድግዳ ተሸክማ የምትሄደው? እስቲ ክንዷን እዩልኝ!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ ምኑን ነው የምታነሺው?» አሉኝ።

«ፎቶ ነዋ!» አልኩ።

ጋሽ አድማሱ ለአሮጊቷ በካፊኖኖ አስረዷቸው፤ በጣታቸውም ቀጭ ቀጭ እያደረጉ አሳዩአቸው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ ሳቁ ጥሎት ግድግዳውን ሲደገፍ አሮጊቷ «ተነስ ከዚያ፣ ልታፈርሰው ነው!» ብለው አባረሩት።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ቦርሳዬን ለቀቁና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስማቸው እትዬ አስካለ ነው። የተወለዱት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ጣራውን የሚያድስ ስለጠፋ ከጓሮ ወዳለው ቆርቆሮ ቤት ገቡ። አሁን አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ለቤቱ መሠረት የሚሆን ድንጋይ ከዚያ ይወስዳል።

«ገበያ ስሄድ ጥጉ ነበር» አሉኝ። «ስመለስ የለም።»

ከዚያ ወዲህ ገበያ አይሄዱም። ሣር የሚያጭዱ መስለው ቤቱን ይጠብቃሉ።

ስልኩን ከላስቲኩ ፈታሁ። ሲያዩኝ «በይ እንግዲህ አንሺያ!» አሉ። መስኮቱ ውስጥ እንዲቆሙልኝ ጠየቅኳቸው። ማጭዱን ያስቀምጡት ብላቸው እምቢ አሉ። «ትንሽ ፈገግ ይበሉ» ብላቸው ደግሞ «ሌባ እያየኝ ልስቅ?» አሉኝ።

የተመረጠው ያ ፎቶ ነው። እትዬ አስካለ ማጭዳቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ጫካው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ፎቶውን አሳጥቤ ይዤላቸው በረርኩ። ስለ ምርጫው ነገርኳቸው። እሳቸው የራሳቸውን መልክ ትተው ፎቶው ላይ ያሉትን ድንጋዮች አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ሰው የሚመላለስበትን ቤት ሌባ ይፈራዋል። ጓደኞችሽን ጥሪልኝ፣ መጥተው ያንሱ።»

ድሮ እኔ ፎቶዬን ለሰው ማሳየት እንኳ አፍር ነበር። አሁን ይኸው ለእናንተ እጽፋለሁ፣ ያውም በእትዬ አስካለ ተልኬ። ጥግ ቢወሰድም መስኮቱ አለ፤ እንዲኖርም እፈልጋለሁ። ስለዚህ ጠርቻችኋለሁ፣ ኑ። ስልክ ያለው ስልኩን፣ የሌለው ዓይኑን ይዞ ይምጣ። የሚንኳኳ በር የለም። መንገዱ ዳር ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ፤ እትዬ አስካለ ይወጣሉ።