ሄኖክ የጨመረላት ራም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ለሰው ሲያወሩት ተራ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን የሄኖክ ስም በተነሳ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ባለቤቴ ማህሌት ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሰነድ ትተረጉማለች። የምትሠራው በራሷ ላፕቶፕ ስለሆነ ያልጨረሰችውን ቤት ይዛ ትመጣለች።

"ይሄ ነገር አላሠራ አለኝ፤ ሁለት ፋይል ከከፈትኩ ቀጥ ይላል" ትለኛለች።

እኔ ኳስ እያየሁ፣ "ለጽሑፍ ሥራ አራት ጂቢ ራም ምን አነሰሽ? ብዙ አትክፈቺበት" እላታለሁ።

አንድ ቀን እየሳቀች ገባች። "ሄኖክ ራም ጨመረልኝ! ስምንት ሆነ። ከድሮ ላፕቶፑ ፈትቶ ነው የሰጠኝ።"

ሄኖክ የሥራ ባልደረባዋ ነው። ከዚያ በኋላ ቁርስ ላይ ሄኖክ፣ እራት ላይ ሄኖክ ሆነ። ሰነዱንም መዝገበ ቃላቱንም ኢንተርኔቱንም አንድ ላይ ከፍታ ስትሠራ "እግዜር ይስጠው" ትላለች። እኔ ሆዬ ውስጤ ይቃጠላል። ሰውዬው መጥቶ ሳሎናችን የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ።

ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ላፕቶፑን ይዤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ሄድኩ። "አሥራ ስድስት አድርግልኝ" አልኩት።

"ለምን ሥራ ነው?" አለ ሻጩ።

"ባለቤቴ ተርጓሚ ናት።"

"ታዲያ ስምንቱ ይበቃት የለ? ልዩነቱንም ላታየው ትችላለች።"

"ግዴለህም፣ ቀይረው።"

በማግስቱ ስትሠራ አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም የለም።

"ፈጠነልሽ?" አልኳት።

"ያው ነው። ሄኖክ ካስተካከለው ወዲህ ምንም ችግር የለበትም።"

አልቻልኩም። "የሄኖክን አስወጥቼዋለሁ! የእሱን እጥፍ ነው ያስገባሁልሽ!" ብዬ ጮህኩ።

ሥራዋን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"እኔ እኮ አሥራ ስድስት አልጠየቅኩህም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ቸገረኝ ስልህ ዞር ብለህ እንድታየኝ ነበር። እሱ 'እስቲ ልየው' አለኝ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።"



ሰኞ የሄኖክን ራም በወረቀት ጠቅልዬ ራሴ ቢሮው ወሰድኩለት። "ምነው፣ አልሠራ አለ እንዴ?" ብሎ ደነገጠ። ይሠራል አልኩት። ስቆ ጨበጠኝና ሻይ ካልጋበዝኩህ አለኝ። ጠጣን። ሸጋ ሰው ነው።

እውነቱን ልናገር፣ አሁንም እቀናበታለሁ። ያን ጊዜ ማህሌትን የሚወስድብኝ መስሎኝ ነበር። አሁን የሚያንገበግበኝ ግን አንድ ቤት አብሬያት እየኖርኩ ያልሰማኋትን ሴት እሱ በአንድ ቃል መስማቱ ነው።